ቀጭን ሆኖ፣ ሥጋም ሳይበላ ልቡ ለምን ይታመማል?

ወንድሜ፣ «ሕንድ ውስጥ የዴልሂና የሙምባይ ሰው ብዙው ቀጭን ነው፣ ሥጋም አያበዛም፤ ታዲያ ሃርት አታክ ለምን በጎልማሳነቱ ይይዘዋል?» ላልከው፣ ቅጥነቱ አያታልልህ። እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ስብ የያዘ ሞልቷል። ለዚህ ነው ለደቡብ እስያ ሰዎች የወገብ ልኩ ጠበቅ የተደረገው፤ ለወንድ 90፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር። ሚዛን የማይነግርህን ሜትር ይነግርሃል። የሆድ ስብ የስኳር በሽታን ይጠራል፤ ጥሩውን ኮሌስትሮል ያወርዳል፣ ትራይግሊሰራይድ የሚሉትን የደም ስብ ይሰቅላል።

ሥጋ መተው ብቻውንማ አያድንም። ሳሞሳው በምን ተጠበሰ? ቫናስፓቲ የሚሉት የረጋ የአትክልት ዘይት ለዓመታት ትራንስ ፋት የሚባለው ልብን የሚጎዳ ስብ የበዛበት ነበር። ሕንድ ይህ ስብ በዘይት ውስጥ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የገደበችው ገና በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ነጭ ሩዙና ስኳር የበዛበት ሻይም አለ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ መቀመጡም።

ኢንተርሃርት የተባለው የ52 አገሮች ጥናት እንዳሳየው፣ ዋናዎቹ መንስኤዎች እዚያም እንደ ሌላው ዓለም ናቸው፦ ሲጋራ፣ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ መጥፎ ኮሌስትሮል። ልዩነቱ ደቡብ እስያውያን ላይ ቀድመው መምጣታቸው ነው። የመጀመሪያው ሃርት አታክ የሚይዛቸው በአማካይ በ53 ዓመት ገደማ ነው፤ ሌሎቹን በ59።