መልስ፦ ስለ ሬንጅ ሮቨር የኋላ ቀኝ ጎን ዝቅታ

ጤና ይስጥልኝ። የ2006 ሬንጅ ሮቨርዎ አድሮ የኋላ ቀኝ ጎኑ ዝቅ እንደሚልና ሞተሩ ሲነሳ ግን እንደሚስተካከል ስለገለጹ፣ ከከፍታ ሴንሰሩ ይልቅ የምጠረጥረው በዚያው ጎን ያለውን የአየር ሞላ (በብረት ሞላ ፈንታ መኪናውን የሚሸከመውን አየር የያዘ የላስቲክ ከረጢት) ወይም ቱቦውን ነው፤ የሴንሰር ብልሽት ቢሆን ኖሮ ዝቅታው መኪናው እየሠራም አይጠፋም ነበር። በዚህ ሞዴል ኮምፒውተሩ መኪናው ቆሞም አልፎ አልፎ ነቅቶ ሌሎቹን ማዕዘኖች ከዝቅተኛው ጋር ስለሚያስተካክል፣ የሚያፈሰውን ሞላ ለመለየት አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ማታ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለክተው ይጻፉ፤ የአየር ሥርዓቱን ፊውዝ ነቅለው ያሳድሩና ጠዋት እንደገና ይለኩ። የወረደው ማዕዘን ከታወቀ በኋላ፣ ሞላው አየር እንደያዘ የሞላውን ላስቲክ እጥፋትና የቱቦውን መጋጠሚያ በሳሙና ውሃ ይፈትሹ። እባክዎ ሻንሲው በጠንካራ ድጋፍ ላይ ሳያርፍ ከሥር አይግቡ፤ ሞላው በድንገት አየሩን ከለቀቀ አካሉ ሊጫንዎት ይችላል። ኮምፕረሰሩን (ለሞላዎቹ አየር የሚነፋውን ፓምፕ) ለመቀየር ግን አይቸኩሉ፣ ፍሳሹ ሳይዘጋ አዲሱም ያለ ዕረፍት ሲሠራ ሊቃጠል ይችላል።