ለወጣት የሒሳብ ባለሙያዎች፦ ሦስት ጊዜ ስላሻገርኩት ወጪ

በቅርቡ በአንድ ፋብሪካ የበጀት ክፍል የምትሠራ ወጣት፣ «አለቃዬ የፍሳሽ ማጣሪያውን ወጪ ለሚቀጥለው ዓመት አሻግሪው አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱን ወዲያው ልሰጣት አልቻልኩም፤ እኔም ያንኑ ወጪ ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሻገርኩ ሰው ነኝና።

በአዋሽ ተፋሰስ በሚገኝ አንድ የቆዳ ፋብሪካ የፋይናንስ ኃላፊ ነበርኩ። ቆዳ ሲለፋ ክሮም የሚባል የማልፊያ ኬሚካል በድራሙ፣ ማለትም በሚሽከረከረው ትልቅ በርሜል ውስጥ ይጨመራል፤ በተለመደው አሠራር ቆዳው ሁሉንም ስለማይይዘው ሲሶ ያህሉ ከውሃው ጋር ተመልሶ ይወጣል። የፋብሪካው ኬሚስት ይህ ውሃ የቆዳውን ፀጉር ከምናስለቅቅበት የኖራና የሰልፋይድ ፍሳሽ ተለይቶ ቢጠራቀም፣ ክሮሙ በማግኒዢየም ኦክሳይድ ቢዘቅጥና በሰልፈሪክ አሲድ ቢሟሟ ዳግም ለማልፋት እንደሚያገለግል በስሌት አስደግፎ አቀረበልኝ። በውጭ ምንዛሪ የገዛነውን ኬሚካል ወንዝ ውስጥ እየደፋን መሆኑን ነበር የሚነግረኝ። እኔ ግን የመጨረሻውን ገጽ፣ የመሣሪያውን የግዢ ዋጋ ብቻ አይቼ «ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይተላለፍ» ብዬ ፈረምኩበት። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ዓመት የጻፍኩት ቃል ያው ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ በፈረምኩ ሳምንት ኬሚስቱ ብዙም ሳይናገር ከፋብሪካው በታች ወዳለው የወንዝ ዳርቻ ወሰደኝ። አንዲት እናት ከብቶቻቸውን በዱላ ከውሃው እያራቁ ነበር። የፋብሪካው ሰዎች መሆናችንን ሲያውቁ ሳይቆጡ፣ «ጌታዬ፣ ውሃው መቼ ነው የሚጠራው? ከብቶቹን ከፋብሪካው በላይ ነድቼ ማጠጣት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል» አሉኝ። «በቅርቡ ይስተካከላል፣ እናቴ» አልኳቸው፤ ውሳኔዬ ጠረጴዛዬ ላይ ተፈርሞ እንዳለ እያወቅኩ። የእርሳቸው ግማሽ ቀን በየትኛውም የሒሳብ መዝገባችን አልሰፈረም ነበር። በዚያው ዓመት ትርፋችን ማደጉን ለቦርዱ ሳቀርብ ጭብጨባ ተደርጎልኛል።

የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በሥራ ላይ ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ መኖር የሁሉም መብት መሆኑን ይደነግጋል። ሆኖም አሮጌው ማጣሪያችን የሚሠራው ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ሲነገረን ነበር። በመጨረሻ ገንዘቡ የተገኘው፣ የደጋ በጎቻችንን ቆዳ ለጓንት የሚወስድ የውጭ ደንበኛ ስለ ፍሳሻችን በደብዳቤ በጠየቀ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከሕግ ይልቅ ገበያ ያስተካክላል እላለሁ፤ ግን አንድ ተቆጣጣሪ ሳያሳውቅ ቢመጣብኝ ኖሮ ግዢውን በመጀመሪያው ዓመት አጸድቅ ነበር ብዬም አምናለሁ። ሁለቱን ሐሳቦች እስከ ዛሬ ማስታረቅ አልቻልኩም።

ጉቦና ግብርን በተመለከተ ምክር አያስፈልጋችሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የዛሬ ወጣቶች ሪፖርት ማሳመር ታውቃላችሁ፣ የችግኝ ተከላው ፎቶግራፍ በዓመታዊ መጽሔቱ ሽፋን ላይ ይወጣል፣ የፍሳሹ የላቦራቶሪ ውጤት ግን የትኛውም ገጽ ላይ አይገኝም። የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ከትርፍ ላይ ተቆርሶ የሚሰጥ ስጦታ ሳይሆን የማምረቻ ወጪ አካል ነው፤ ይህን መጀመሪያ ማወቅ የነበረብን እኛ የሒሳብ ሰዎች ነን። የእናንተ ትውልድ ግን ከመፈረሙ በፊት ይጠይቃል፤ እኛ አልጠየቅንም።

ለዚያች ወጣት በመጨረሻ እንዲህ ስል ጻፍኩላት፦ ልጄ፣ ትእዛዙን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ከግዢው ዋጋ ጎን በየዓመቱ ከፍሳሹ ጋር የሚደፋውን ኬሚካል ዋጋ አስፍሪ። ከሁሉ በፊት ግን ከፋብሪካችሁ በታች ወዳለው ወንዝ ወርደሽ እዪ፤ እኔ የወረድኩት ሦስት ጊዜ ከፈረምኩ በኋላ ነው።