ቴስታታውን ከማስከፈትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በመጨናነቅ ውስጥ ስትሄድ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀይ ይወጣል፣ ቀለበት መንገድ ላይ ስትለቃት ይወርዳል። መካኒኩ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጥቶ ጥሎታል፤ አሁን ደግሞ «ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይከፈት» ብሎሃል። እባክህ ገና አታስከፍት።

መኪና ቆማ የምትግል፣ ስትሮጥ የምትበርድ ከሆነ የጎደላት ነፋስ ነው። የመንገዱ ነፋስ ሲቀር ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ቦታውን መያዝ ነበረበት፤ አልያዘም። ከተማ ውስጥ ደህና ሆና ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጣ ብቻ ብትግል ኖሮ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ እጠረጥር ነበር።

ቬንትሌተሩን እንዲህ ፈትሸው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና የሙቀት ስዊቹን (ውሃው ሲግል ቬንትሌተሩን የሚያስነሳውን) ሶኬት ንቀለው። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ሶኬቱ እንደተነቀለ ቬንትሌተሩ መዞር ይጀምራል፤ ስለዚህ እጅህን አርቅ። ከዞረ የቬንትሌተሩ ሞተር፣ ሪሌውና ፊውዙ ጤነኞች ናቸው፤ የተበላሸው ስዊቹ ነው፣ እሱም ቀላል ወጪ ነው። ካልዞረ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስጠው። ያን ጊዜም ዝም ካለ የቬንትሌተሩ ሞተር ተቃጥሏል ማለት ነው።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ተመልከት። አዲስ አበባ ውስጥ በዚህ ክዳን ላይ የሚደርሰው ቸልተኝነት ሁልጊዜ ያናድደኛል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ላዩ ላይ 0.9 (የግፊቱ መጠን) የተጻፈበት ጤነኛ ክዳን ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ላስቲኩ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ግፊቱ ያመልጣል፤ ሞተሩ ከተለመደው ሙቀቱ ብዙም ሳያልፍ ውሃው ይፈላና በትርፍ ውሃ ጠርሙሱ በኩል ይገነፍላል። ያየ ሁሉ «ጋስኬት በልታለች» (የቴስታታው ማሸጊያ ተበላሽቷል) ይላል። አንድ ጎረቤቴ በዚሁ ምክንያት ቴስታታ አስከፍቶ፣ ጋስኬት አስቀይሮ፣ መኪናዋ እንደገና ፈላች። ክዳኑ ሲቀየር ነው የቆመው። ሞተሩ ሲበርድ ክፈተውና ላስቲኩን፣ ስፕሪንጉን፣ ከመሐል ያለችውንም ትንሽ ቫልቭ እይ። በሙቀቱ ግን ፈጽሞ እንዳትነካው፤ ፊት ያቃጥላል።

ቴርሞስታቱን መልስ። «እኛ አገር አያስፈልግም» የሚለውን አትስማ። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲወጣ ማለፊያው መስመር ክፍት ይቀርና ከውሃው የተወሰነው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፣ ይፋተጋል። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ውሃውን አሙቀው፤ 82 ዲግሪ የተጻፈበት ከሆነ ውሃው ሳይፈላ መከፈት ይጀምራል። ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ አትጣለው፣ እዚህ ውሃው 92 ላይ ስለሚቆም ነው።

የራዲያተሩ ክንፎች መካከል ያለውን አቧራና ነፍሳት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ አሳጥበው። የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙላ፤ ዝገት ያመጣል፣ ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ) ይቀላቀልበት። ስትሞላም የውስጡን ማሞቂያ ክፈት፣ አየር እንዳይታሰር።

ቴስታታ የሚያስከፍቱት ምልክቶች ሌሎች ናቸው፦ ክዳኑ ተከፍቶ ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ ሳይቋረጥ የሚወጣ አረፋ፣ ወተት የመሰለ ዘይት፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ፣ ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ የሚጎድል ውሃ። ከእነዚህ አንዱን ካየህ መካኒክህ ትክክል ሊሆን ይችላል።

እስከዚያው መንገድ ላይ ከጋለች ዳር ይዘህ አጥፋት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አትድፋባት፤ ቴስታታው የሚሰነጠቀው ያኔ ነው። ሶኬቱን ነቅለህ ቬንትሌተሩ ዞረ ወይስ አልዞረ፣ እዚሁ ጻፍልኝ።