ጦማርዎን አይከፋፍሉት፤ ዶሜይኑን ግን በስምዎ ያድርጉ

ውድ እህቴ፣ በግጥም የጀመሩት ጦማር ወደ ምግብ አሠራር ከዚያም ወደ ፎቶግራፍ እንደዞረ፣ ትዳር መሥርተው ወደ አዳማ ከተዛወሩ ወዲህ ደግሞ ለወራት ዝም እንዳለ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ጽሑፎችም «ስለጠፋሁ ይቅርታ» ከማለት ያለፈ ነገር እንደሌላቸው ጽፈዋል። «ዘግቼው ለእያንዳንዱ ፍላጎቴ የየራሱን ጦማር ልክፈት ወይስ አንዱን ብቻ መርጬ ልቀጥል?» የሚለው ጥያቄዎ በዚህ መድረክ ብዙ መልስ አግኝቷል። ጦማሩን የሠራልዎ ድርጅት በሚቀጥለው ወር የዶሜይኑን፣ ማለትም የጦማሩን የድረ ገጽ አድራሻ ስም፣ የእድሳት ክፍያ እንደሚጠብቅ በመጨረሻ የጠቀሱትን ግን ማንም ልብ አላለውም። እኔ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ እርሱ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጽፍልዎ ወደድሁ።

አንደኛ፣ «አንድ ርእስ ያዢ፣ አለዚያ አንባቢ አይከተልሽም» የሚለውን ምክር እንዳይቀበሉ እለምንዎታለሁ። ከማስታወቂያ ገንዘብ ለማግኘት ለሚጽፍ ሰው ምክሩ ይሠራ ይሆናል። የግል ጦማርን የሚከታተል ሰው ግን የሚከታተለው ጸሐፊውን ነው። እኔ ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ያነበብኋቸውን ልብ ወለዶች በመተቸት ጀመርሁ። ተመርቄ በመንገድ ሥራ ስቀጠር ስለ ድልድይ፣ ከመንገድ ሥር ውኃ ስለሚያሳልፍ ቱቦና ክረምት ሲገባ ስለሚደረመስ ቁልቁለት መጻፍ ያዝሁ። ከዚያ ሥራው ወደ ባሌ ወሰደኝ፤ ከጎባ ወጥቶ የሳነቴን አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚልቅ ከፍታ በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ቀይ ቀበሮ በፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን አቁሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲጠብቅ ያየ ሰው ስለ ሌላ ነገር መጻፍ አይሆንለትም። ካገባሁ በኋላ ደግሞ የባለቤቴ አጎት፣ የድጓ መምህር ናቸው፣ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ አስተማሩኝና እርሱም በጦማሩ ላይ ቦታውን ያዘ።

ዛሬ ከእነዚህ ሁሉ ብዙ አንባቢ የሚያመጣው የትኛው ይመስልዎታል? የመጽሐፍ ትችቶቼ አይደሉም። በየዓመቱ የነነዌ ጾም ሲቃረብ ሰዎች ዘንድሮ ፋሲካ መቼ እንደሚውል እየፈለጉ የሚደርሱበት የባሕረ ሐሳብ ጽሑፌ ነው። በጽሑፉ ስሌቱን ያለ አንዳች መዝለል አሳይቻለሁ። ይህን ፈልጎ የመጣ አንባቢ በጎን ያለውን ዝርዝር አይቶ ወደ ሳነቴ ጽሑፎች ይሻገራል፤ ከዚያም ስለ ቀይ ቀበሮ ጥያቄ ይጽፍልኛል። አራት ጦማር ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ሦስቱ ለዓመታት ጭር ብለው ይቀሩ ነበር፤ አራተኛውንም ማንም ከእኔ ጋር አያያይዘውም ነበር።

ስለዚህ ግጥሙ፣ ምግቡና ፎቶግራፉ በአንድ ቤት ይኑሩ። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ «ግጥም» ወይም «ምግብ» እንደሚል ያለ አንድ የርእስ መለያ ብቻ ይስጡት፤ መለያዎቹም ከአምስት አይብለጡ፤ ከገጹ ራስ ላይ ይስቀሏቸው። የጦማሩ ሥርዓት በራሱ የሚጽፈው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ በየጽሑፉ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ቀን በእጅዎ ያስገቡ፤ ከዓመታት በኋላ «ይህን የጻፍሁት ከጋብቻዬ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለው ሲፈልጉ ያመሰግኑኛል። የባለቤትዎንና ወደፊት የሚወልዷቸውን ልጆች ስምና ፎቶ ግን ከጦማሩ ያርቁ፤ ለመጻፍ የፈቀዱት እርስዎ እንጂ እነርሱ አይደሉም።

ሁለተኛ፣ እነዚያን ሦስት የይቅርታ ጽሑፎች ያጥፏቸው። አንባቢ ቀጠሮ አልሰጠዎትም፤ ስለዚህ ይቅርታ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም፤ አዲስ ሰው ገጹን ሲከፍት በመጀመሪያ የሚያገኘው ግን እነርሱን ነው። ዝምታ በራሱ ጦማርን አይገድልም። እኔ መረብ በማይደርስበት ካምፕ ስኖር በስልኬ ላይ እየጻፍሁ አከማች ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ገደማ በቆየ ጊዜም የጻፍኋቸው እስከ ዛሬ ከምወዳቸው ናቸው። ጦማርን የሚገድለው ቁልፉን ማጣት ነው። የጉግል የጦማር አገልግሎት በሆነው በብሎገር የሚጽፉ ከሆነ፣ ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2023 ማስታወቁን ይወቁ። ባይጽፉም እንኳ በየጊዜው ይግቡበት። የተመዘገበው ኢሜይል ደግሞ የመሥሪያ ቤት ወይም የዩኒቨርሲቲ እንዳይሆን። ሥራ የለቀቁ ዕለት ኢሜይሉ ይዘጋል፤ የይለፍ ቃል ማደሻ መልእክትም ወደ ተዘጋ ሳጥን ይሄዳል። ሲም ካርድ ሲቀይሩም እንዲሁ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ስለሚችል፣ ቁጥርዎን ከመተውዎ በፊት በአካውንቱ ላይ አዲሱን ያስገቡ። ኑሮ ሲቀየር የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ የመጻፍ ፍላጎት ሳይሆን ይህ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የዶሜይኑ ነገር ነው። እኔ የደረሰብኝን ልንገርዎት።

መጀመሪያ ጦማሬን ያቆመልኝ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ነበር፤ ዲዛይን፣ ሆስቲንግ (ገጹ የሚቀመጥበት የኮምፒውተር ቦታ) እና ዶሜይን በአንድ ጥቅል ሸጠልኝ፤ ደረሰኙም በስሜ ተቆረጠ። ደረሰኝ በስሜ ከተቆረጠ ዕቃው የእኔ ነው ብሎ ማመን የማንም ጤነኛ ደንበኛ እምነት ነው። ድርጅቱ ግን ዶሜይኑን የዶሜይን ስሞችን በሚሸጥ የውጭ አገር መዝጋቢ ዘንድ ያስመዘገበው በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል ነበር። ስለዚህ ጊዜው ሊያልፍ ሲል የሚላከው ማስጠንቀቂያ ሁሉ ወደ እነርሱ ሄደ፤ እኔ ባሌ ሆኜ ምንም አልሰማሁም። አንድ ቀን ገጹ ጠፋ። ስደውል «ሲስተም ነው» አሉኝ፤ ደግሜ ስደውል የእድሳቱ ዋጋ ካለፈው ሦስት እጥፍ እንደሆነ ተነገረኝ። ዶሜይኑን ወደ ራሴ አካውንት ለማዛወር የማዘዋወሪያ ኮድ፣ ማለትም ለዝውውሩ የሚያስፈልገውን ምስጢራዊ ቁልፍ፣ ስጠይቅ ስልኩን መመለስ አቆሙ።

ፈቃድ ወስጄ ከጎባ አዲስ አበባ፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዤ ቢሮአቸው ሄድሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ነገ ይመለሱ» አለችኝ። በማግስቱ እስከ ቀትር አስጠብቀውኝ ገባሁ። ኃላፊው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነበር፤ ተቀመጥ እንኳ ሳይል «ዶሜይኑ የተመዘገበው በእኛ ስም ነው፤ አንተ ተጠቃሚ እንጂ ባለቤት አይደለህም፤ ካልተስማማህ ሌላ ስም ክፈት» አለኝ። ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት፤ አላያቸውም። ለመዝጋቢው በኢሜይል አቤት ብልም፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ባለቤት ድርጅቱ ስለሆነ ያለ እርሱ ጥያቄ ምንም ማድረግ እንደማይችል በትሕትና መለሰልኝ። በደንቡ መሠረት ትክክል ነበር።

የሚያንገበግበኝ ስሙን እንኳ ሳይሠሩበት መጣላቸው ነው። አላደሱትም፤ ጊዜው አለፈ፤ ሌላ ሰው ገዝቶ የቁማር ማስታወቂያ ለጠፈበት። ለዓመታት ጓደኞቼና አንባቢዎቼ በየቦታው የለጠፏቸው የጦማሬ ሊንኮች ሁሉ ዛሬ ወደዚያ ይወስዳሉ። የድጓው መምህር ከጽሑፌ አንዱን ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩ ሲከፍቱ ያ ገጽ እንደ ወጣባቸው ሲነግሩኝ የተሰማኝን እዚህ አልጽፈውም።

ጽሑፎቹን ግን አልወሰዱብኝም፤ በዚህ እኮራለሁ። እያንዳንዱን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት በዩኒኮድ ፊደል በራሴ ኮምፒውተር ላይ በየወሩ ማኅደር ከፍቼ አስቀምጥ ስለነበር፣ አዲስ ስም በራሴ አካውንት አስመዝግቤ ሁሉንም መልሼ አቆምሁ። ከፎቶዎቹ ያጣኋቸውን ጥቂቶች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት በሆነው የኢንተርኔት አርካይቭ የድሮ ገጾች ማከማቻ ውስጥ አገኘሁ። እርስዎ ፎቶግራፍ አንሺ ስለሆኑ ይህን በጥብቅ ይያዙልኝ፦ ብሎገርም ሆነ ዎርድፕረስ «ምትኬ» ብለው የሚሰጡት የኤክስኤምኤል ፋይል ጽሑፉን እንጂ ፎቶዎቹን አይዝም፤ ያለው የፎቶዎቹ ሊንክ ብቻ ነው። ዋናዎቹን ፎቶዎች ለብቻ ቢያንስ በሁለት ቦታ ያስቀምጡ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። የእድሳቱን ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቁ። ዛሬ አብዛኞቹ መዝጋቢዎች የባለቤቱን ስም ከሕዝብ እይታ ስለሚሰውሩት ከውጭ ሆነው ፈልገው ላያገኙት ይችላሉ፤ ስለዚህ የመዝጋቢውን አካውንት ራሱን ከፍተው እንዲያሳዩዎት ያድርጉ፤ በባለቤት ስምና በኢሜይል ቦታ የእርስዎ ካልሆነ እንዲቀየር ይጠይቁ። ቀኑ ካለፈም ተስፋ አይቁረጡ፤ ዶት ኮም ከሆነ መዝጋቢው ብዙውን ጊዜ የተወሰኑ ሳምንታት ይታገሣል፤ ከተሰረዘ በኋላም ከፍ ባለ ክፍያ የሚመለስበት 30 ቀን አለ፤ ከዚያ አምስት ቀን ቆይቶ ለማንም ይለቀቃል። እኔ ይህን የጊዜ ሰሌዳ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ክፍያው፣ ዋጋው በዶላር ስለሆነ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ ካለዎት በካርዱ ይክፈልልዎት፤ በአንድ ጊዜ እስከ 10 ዓመት ድረስ መክፈል ይቻላል። ነገር ግን ዘመድ ይክፈል እንጂ በአካውንቱ ላይ ያለው ስምና ኢሜይል የእርስዎ ይሁን፤ ዘመድም ሥራና አገር ይቀይራል። ለሆስቲንግ ደግሞ መክፈል አያስፈልግዎ ይሆናል፤ ብሎገር በነፃ ያስቀምጣል፤ የራስዎን ዶሜይንም ያለ ክፍያ ያያይዝልዎታል። ድርጅቱ በጥቅል የሚሸጥልዎ ነገር ግማሹ ይህ ሊሆን ይችላል።

ድርጅቱ እምቢ ካለ ቢሮው ሄደው አይለማመጡ፤ በኢሜይል ይጻፉ፤ ማስረጃ ይሆናል። የዶሜይኑን ስም፣ የከፈሉበትን ቀንና የደረሰኝ ቁጥር ይጥቀሱ፤ የባለቤትነት ስሙ ወደ እርስዎ እንዲዞር፣ የማዘዋወሪያ ኮዱም እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። የዶሜይን ሥርዓቱን የሚቆጣጠረው አይካን ባወጣው ደንብ መዝጋቢ፣ ዶሜይኑ በስሙ የተመዘገበለት ባለቤት ሲጠይቅ፣ ኮዱን በአምስት ቀን ውስጥ መስጠት እንዳለበት ይጨምሩበት። በመጀመሪያ ስሙ እንዲዞር አጥብቀው መጠየቅዎም ለዚህ ነው። አዲስ ከተመዘገበ ወይም በቅርቡ ከተዛወረ 60 ቀን እስኪሞላው ወደ ሌላ መዝጋቢ ላይሄድ ስለሚችል፣ እዚያው መዝጋቢ ዘንድ የራስዎን አካውንት ከፍተው ወደዚያ እንዲያስተላልፉት መጠየቅም ይችላሉ። ደብዳቤውን ከመላክዎ በፊት እዚሁ ቢለጥፉት አንብቤ አስተያየት እሰጥበታለሁ፤ የድርጅቱን ስም ግን ይሸፍኑት።