ሱሉልታ ስላለው የወሰን ድንጋይ

እህቴ፣ ሱሉልታ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያየሽው የቆመ ድንጋይ የንጉሥንና የቤተ ክህነትን ዳኝነት ይለይ ነበር ወይ ብለሻል። ድንጋዩን ብቻ አይቶ መፍረድ ይከብዳል፤ ተራ የእርሻ ወሰንም ሊሆን ይችላል።

ነገሩ ግን ተረት አይደለም። ንጉሥ ለደብር ጉልት፣ ማለትም ከመሬቱ ግብር የመሰብሰብ መብት፣ ሲሰጥ ግብሩን ብቻ አልነበረም የሚለቀው። የጉልቱ ገበሬ ቀላል ክሱን የሚያሰማው ለደብሩ አለቃ ነበር። የሞት ፍርድ ግን የንጉሡ ነበር። አንዳንዱ የስጦታ ጽሑፍ እንዲያውም የንጉሡ ሹም ወሰኑን እንዳያልፍ ይከለክላል። ስጦታው ወንጌል ላይ ይጻፍ ነበር፤ የጣሰውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዝ ነበር። ከድንጋዩ ይልቅ ግዝቱ ሳያስፈራ አይቀርም!

በ1935 ዓ.ም. የቤተ ክህነት ዳኝነት በመንፈሳዊ ጉዳይ ተወሰነ። የገጠር መሬቱም በ1967 የሕዝብ ሆነ። ድንጋዩ ላይ ጽሑፍ ካለ ፎቶውን እዚህ ለጥፊልን።