ስለ ጡት ካንሰር ጠይቁኝ፦ ከኬሞ ወንበር እስከ ዳጉሳ ጡት

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። በ2010 ዓ.ም. ግራ ጡቴ ላይ ካንሰር ተገኘ። ጡቱ ወጣ፣ ከዚያ ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት፣ ከዚያ ጨረር። ካንሰሩ እንዳይመለስ የሚወሰደውን ክኒን፣ ታሞክሲፈንን፣ ዛሬም በየቀኑ እውጣለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ሕክምናውን የጨረስንም ገና ያሉበትም ሴቶች ቤቴ ቡና እንጠጣለን። ሰሞኑን "በሆዳችሁ የያዛችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። የመድኃኒት መጠን የጠየቃችሁኝ ግን ይቅርታ፣ እሱ የሐኪማችሁ ነው።

እትዬ፣ ማክሰኞ የመጀመሪያ ኬሞዬ ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን ይዤ ልሂድ?

ሰው። ከሁሉ በፊት ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ ስትመለሺ ብቻሽን ታክሲ እንዳትጋፊ። ከዚያ ጋቢ፣ ውኃ፣ ትንሽ ብስኩት። እጅጌው በቀላሉ የሚሰበሰብ ልብስ ልበሺ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ቀይ ነው፤ እሱ ከታዘዘልሽ በማግስቱ ሽንትሽ ቀላ ሊል ይችላል። እኔ ማንም ስላልነገረኝ ደም መስሎኝ ሽንት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። መድኃኒቱ ነው፣ በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል።

ምግብ ብረት ብረት ይልሻል። አፍሽ ከቆሰለ አጥሚት ቀዝቀዝ አድርገሽ ጠጪ፤ በርበሬውን ለጊዜው ተይው። ክትፎ፣ ጥሬ ሥጋ፣ በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ እስክትጨርሺ ድረስ ይቅሩ፤ ነጭ የደም ሴልሽ ሲወርድ ትንሹም ጀርም ይጥልሻል። ቴርሞሜትር ግዢ። ትኩሳትሽ 38 ከደረሰ እስኪነጋ አትጠብቂ፣ ፓራሲታሞል ውጠሽም አትተኚ፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ሂጂ። ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህችን ያዢ።

ፀጉሬ መቼ ነው የሚረግፈው? ቀድሜ ልላጨው?

ፀጉር በሚያረግፉት የኬሞ ዓይነቶች አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይጀምራል። መጀመሪያ ትራስሽ ላይ ታገኚዋለሽ። እኔ ቀድሜ ተላጨሁ፤ ከሚረግፍብኝ እኔ ላሰናብተው ብዬ። ችግሩ የእኛ ሰው ነው። የተላጨች ሴት ሲያይ "ማን ሞቶባት ነው?" ይላል። አንዲት ጎረቤቴ በሩን ከፍታ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አለችኝ። ምን ልበላት? "አሜን" አልኩ፤ ሁለታችንም ቁጭ ብለን አለቀስን፣ እሷ ማን እንደሞተብኝ ሳታውቅ።

ፀጉሩ ይመለሳል። የእኔ ሲመለስ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ፀጉር ለስላሳ ነበር።

ልጄ፣ እኔ 67 ዓመቴ ነው። ጸበል ልጠመቅ ወይስ መድኃኒቱን ልውሰድ? ጾሙስ?

እማማ፣ ማን ነው "ወይስ" ያለብዎት? ሁለቱም ይሁን። ጸበሉን ይጠመቁ፣ መድኃኒቱን ግን አንድ ቀን እንዳያቋርጡ። እኔ የፈራሁት ጸበሉን አይደለም፣ "ጸበሉን ልጨርስና" እየተባለ የሚያልፈውን ወር ነው። ቡናችን ላይ ሁለት ሴቶች አሉ፣ እብጠቱ እንደ ሽምብራ ሳለ አይተውት እንቁላል ሲያህል የመጡ። ኬሞ ላይ እያሉ ወይም ቁስሉ ሳይደርቅ መጠመቅና ያልተጣራ ውኃ መጠጣት ግን ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላልና ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ። ስለ ጾሙ የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ። የእኔ አባት "በሽተኛ አይጾምም፣ ብዪ" ነው ያሉኝ። ረመዳን የሚጾሙ እህቶቻችንም እንዲሁ፤ ለታመመ ሰው መተው ተፈቅዷል።

ባለቤቴ ትናንት ከቀዶ ሕክምና ወጣች፤ ብብቷ ሥር ቱቦ አለ። ምን ላግዛት?

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ብቻ ደስ አሰኘኝ። ከወንዶች የመጣው ጥያቄ ይህ አንድ ብቻ ነው።

ቱቦው ቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ያወጣል። እጅህን በሳሙና ታጠብ፣ መያዣውን በነገሯችሁ ሰዓት አፍስስ፣ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሆነ በደብተር ጻፍ። መጀመሪያ ደም ይመስላል፤ ቀስ በቀስ ቢጫማ ይሆናል። ብዙ ሐኪሞች በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነው የሚያወጡት፤ ስለዚህ ደብተርህ ለሐኪሙ ሥራ ነው። መግል ከመሰለ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ካላት ቶሎ ውሰዳት። ስትነሳ ቱቦው እንዳይጎተትባት ነጠላ አጣጥፈህ ወገቧ ላይ እሰርና መያዣውን እዚያ ውስጥ አድርገው።

"አይዞሽ" ማለት ጥሩ ነው። ግን ከመቶ "አይዞሽ" ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ወረፋ የያዘላት ይበልጣል።

ከቀዶው በኋላ ክንዴ አበጠ። እንጀራ መጋገር እችላለሁ?

ከብብትሽ ንፍፊት ሲወጣ ፈሳሹ መውረጃ ያጥረዋል፤ ለዚህ ነው ክንዱ የሚያብጠው። ሊምፌዴማ ይሉታል። ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ሊመጣ ይችላል። ፊዚዮቴራፒ የሚሠራ ሰው ያይሽ፤ መጠቅለያውንና የማሸት ዘዴውን እሱ ያሳይሻል። እንጀራውን መጋገር ትችያለሽ፤ ግን ምጣድ ጠላት ነው። ቃጠሎም ጭረትም በዚያ ክንድ ላይ ለኢንፌክሽን በር ነው። እስከ ክርን የሚደርስ ጓንት አድርጊ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካኑን ሌላ ሰው ያንሳው። ክንድሽ ከቀላና ከሞቀ የዚያን ዕለት ሐኪም ጋ ሂጂ።

"እንዳያብጥብኝ" ብለሽ ግን ክንድሽን አስረሽ አታስቀምጪ። ሐኪምሽ ሲፈቅድ ግድግዳው ላይ ጣቶችሽን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አስኪጂ፤ የደረስሽበትን በጠመኔ ምልክት አድርጊ። የእኔ ግድግዳ ላይ 14 መስመር ነበር። ቤቱን ስንቀባ ልጄ አጠፋችው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ጡቴ ይወጣል፤ ሐኪሞቹ "አዲስ ጡት እንሥራልሽ?" ይሉኛል። ቅንጦት መስሎ ታየኝ። ደግሞ ወጪው?

ቅንጦት አይደለም። ግዴታም አይደለም። በወጪው ልጀምር። አሜሪካ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ ጡት ማስወጣትን የሚሸፍን አብዛኛው የጤና ኢንሹራንስ መልሶ መሥራቱንም መሸፈን አለበት ይላል። ሌላኛው ጡትሽ እንዲመጣጠን የሚደረገው ቀዶም፣ ልብስ ውስጥ የሚገባው ጡትም፣ የክንዱ እብጠት ሕክምናም ውስጡ አለ። ከኪስሽ የምትጨምሪው ድርሻ ግን ሊኖር ስለሚችል ኢንሹራንስሽን ደውለሽ ጠይቂ። አስተርጓሚም በነፃ ጠይቂ። የ12 ዓመት ልጅሽ እንዲህ ያለውን ወሬ አያስተርጉም።

አሠራሩ በጥቅሉ ሁለት ነው። አንዱ ሰው ሠራሽ ነው፦ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ባዶ ከረጢት ያስገባሉ፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በጨው ውኃ እየነፉ ቆዳውን ይዘረጋሉ፣ በኋላ በሲሊኮን ይተኩታል። ሁለተኛው ከራስሽ ሥጋ ነው፤ ከሆድ በታች ወይም ከጀርባ ቆዳና ስብ ወስደው ጡት ያደርጉታል። ይኼኛው ቀዶው ረጅም ነው፣ ቁስሉም ሁለት ቦታ ነው፣ ግን የራስሽ ነው፤ ስትወፍሪ ይወፍራል።

ጨረር የምትወስጂ ከሆነ ይህን ሳትጠይቂ አትፈርሚ። ሲሊኮኑ ጨረር ሲነካው በዙሪያው ያለው ሥጋ የመጠንከርና የመጨማደድ ዕድሉ ይጨምራል። ብዙ ሐኪሞች የጨረሩ ቁስል እስኪረጋጋ ወራት መጠበቅን ይመርጣሉ። ጠባሳሽ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነ፣ ኬሎይድ የሚሉት ማለት ነው፣ ቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ይበዛል።

ሌላም አለ፣ ብዙ ጊዜ በግልጽ የማይነገር። አዲሱ ጡት እንደ ድሮው አይሰማም። ቡናችን ላይ የምትመጣ አንዲት እህት አሜሪካ ነው ያሠራችው። "ልብስ ስለብስ ደስ ይለኛል፣ ልጄ ስታቅፈኝ ግን በዚያ በኩል አይሰማኝም" ትላለች። አልተጸጸተችም። ግን አስቀድማ ብታውቀው ትወድ ነበር።

የተሠራላትን ሴት ፈልጊና ጠባሳዋን እንድታሳይሽ ለምኚያት። የሐኪሙ ፎቶ አይበቃም። አፍረሽ አትቅሪ፤ እኛ ቡና ላይ መጋረጃውን ዘግተን እንተያያለን።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ሳላሠራ መኖር እችላለሁ? ባሌ ጡቴ ከወጣ ወዲህ ዞሮ ነው የሚተኛው።

እኔ ሳላሠራ እየኖርኩ ነው። ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች እዚህም አሉ፤ ጨረርሽ ካለቀ ከዓመታት በኋላም ማማከር ትችያለሽ፣ ባቡሩ አላመለጠሽም። ለብዙዎቻችን ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ለታሞክሲፈንና ለምርመራ ስናስብ ጡቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ታሞክሲፈኑ የታዘዘላት ሴት ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ትወስደዋለች። በሌሊት በላብ እየነቃሽ ከሆነ ምናልባት እሱ ነው፤ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ በራስሽ አታቁሚው።

ስለ ባልሽ፦ አንዳንዱ ዞሮ የሚተኛው ተጸይፎ ሳይሆን እንዳያሳምምሽ ፈርቶ ነው። የእኔው ሦስት ወር ሳሎን ተኛ። ስጠይቀው "ቁስሉ የሚከፈት መስሎኝ" አለ። እጁን ይዤ ጠባሳው ላይ አስቀመጥኩት። አንዳንዱ ደግሞ እውነትም ይሄዳል፤ ከመካከላችን የሄደባት አለች። ጥፋቱ የጡትሽ አይደለም።

ለእናታችን ካንሰር መሆኑን አልነገርናትም። "ቁስለት ነው" ብለናታል። ልክ ነን?

አይደላችሁም። ኬሞ ክፍል ቁጭ ብላ፣ ግራና ቀኟን እያየች፣ እንደማታውቅ ሆና ለእናንተ ስትል የምትተውን እናት አይቻለሁ። ገላው የእሷ ነው።

ዱባይ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጡቴ ላይ ጠጣር ነገር አለ። ኮንትራቴ ሊያልቅ ስምንት ወር ቀረው።

እህቴ፣ ስምንት ወር አይጠበቅም። አብዛኛው እብጠት ካንሰር አይደለም፣ ግን በመዳሰስ አይለይም፤ አልትራሳውንድና ናሙና ያስፈልጋል። ለእመቤትሽ "ጡቴን ያመኛል" በያት፤ ካንሰር የሚለውን ቃል ሳትጠሪ። የጤና ካርድሽን ጠይቂ። ካልሆነ እዚያ ያሉ ሐበሾችን ያዢ።

ከገጠር ነው የምንመጣው። ጨረሩ ሳምንታት ይፈጃል አሉን፤ የት እንደር?

ሆቴል ከመግባታችሁ በፊት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን ጠይቁ። ሕፃን ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ነው፤ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ አላቸው። ቦታው ሊሞላ ስለሚችል ቀጠሮ እንደያዛችሁ ወዲያው ደውሉ።

እኔም ጨርሻለሁ። ሌሎችን መርዳት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር? ደግሞ የምትሞት ትኖራለች ብዬ እፈራለሁ።

አንድ ነገር ምረጪ። ሁሉን እረዳለሁ ያለች በሦስተኛው ወር ስልኳን ትዘጋለች። እኛ ጋ አንዷ ሥራዋ ወረፋ ነው። አንዷ አጥሚት ነው። አንዷ መድኃኒት ሲጠፋ የትኛው ፋርማሲ እንዳለው እየደወለች ታጣራለች፣ ሌላ ምንም አታደርግም፤ ያለ እሷ ግን ጠፍተን ነበር። እኔ ጡቷ ለወጣባት ልብስ ውስጥ የሚገባ የጨርቅ ጡት እሰፋለሁ።

እኛ አልፈጠርነውም። ቴሬዝ ላስር የምትባል አሜሪካዊት በ1952 እ.ኤ.አ. ጡቷ ከወጣ በኋላ ሆስፒታል እየዞረች፣ ልብስ ውስጥ የሚገባ ጡትና ክንድ የሚያንቀሳቅሱበት ገመድ ይዛ፣ ገና አልጋ ላይ ያሉ ሴቶችን ትጠይቅ ነበር። ያልወደዷት ሐኪሞች ነበሩ። በኋላ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ሥራዋን ተቀበለው። መጀመሪያውም ያው ነው፤ ሴት፣ ቦርሳና ድፍረት።

አዎ፣ የምትሞት አለች። ሦስት ቀብረናል። የአንዷን ሲኒ ለሁለት ወር ማንም አልጠጣበትም፤ ከዚያ አዲስ የመጣች ልጅ ሳታውቅ አነሳችው፣ እኛም ዝም አልን። ከሐዘን በኋላ አንድ ቅዳሜ መቅረት ይፈቀዳል። ሁለተኛው ላይ ቤትሽ እንመጣለን።

ያ የጨርቅ ጡትሽ እንዴት ነው የሚሠራው?

ከሁሉ የበዛው ጥያቄ ይሄ ነው! ጥጥ አትሙዪ፤ ቀላል ስለሆነ እጅሽን ስታነሺ ወደ አንገትሽ ይወጣል። ክብደት ያስፈልጋል፣ አለዚያ አንዱ ትከሻ ይወርዳል። ክብደቱን ለማወቅ ጎድጓዳ ሳህን ትሪ ላይ አስቀምጪ፣ ለብ ያለ ውኃ እስከ አፉ ሙዪ፣ ጎንበስ ብለሽ ያለውን ጡትሽን ንከሪው። ትሪው ላይ የፈሰሰውን ውኃ መዝኚ፤ የጡትሽ ክብደት በግምት እሱ ነው። የእኔ 420 ግራም ወጣ።

ጨርቁ አቡጄዲ፣ ከገላሽ በኩል ደግሞ ለስላሳ ከነቴራ። ሁለት ቁራጭ ትቆርጫለሽ፤ አንዱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው የእንባ ቅርጽ ያለው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ታጥፎ የሚሰፋ እንዲጎብጥ። የምንሞላው እህል ነው፤ ለማጠብ እህሉ እንዲወጣ ከላይ ትንሽ ክፍት ተዪና በቁልፍ ዝጊው። ቁስልሽ በደንብ ሳይደርቅና ሐኪምሽ ሳይፈቅድ ግን አትልበሺው።

መጀመሪያ ሩዝ ነበር የሞላሁት። በአራተኛው ወር ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አንድ ነገር አንገቴ ላይ ሄደ። ነቀዝ! ጡቴ ነቅዟል። ቅዳሴው መሃል ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አጠገቤ ያሉት ሴት ያበድኩ መስሏቸው ፈቀቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ ዳጉሳ ነው። ዳጉሳ በቀላሉ አይነቅዝም፣ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነም እንደ ሥጋ ይተኛል። በምጣድ ትንሽ አመስ አድርጊው፣ አቀዝቅዢው፣ ሙዪው። መስፋት የማትችዪ ግራ ወይ ቀኝ መሆኑን፣ የፈሰሰውን ውኃ ግራምና የጡት መያዣሽን ቁጥር ይዘሽ ቅዳሜ ነዪ። ዳጉሳውን ራስሽ ግዢ፤ የእጄን አልጠይቅም።