ኦዲተሩን ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ፈልጉት

ክረምት በገባ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት የለውም። «ጋሼ፣ አንድ ኦዲተር ጠቁመን። እስከ መስከረም 30 ሪፖርት ማስገባት አለብን። ዋጋውም ትንሽ ቀነስ ያለ ቢሆን።» የሚደውሉት ጎበዝ ልጆች ናቸው። ቀን ቢሮ ውለው ማታና ቅዳሜ ፒያሳ ወይ አራት ኪሎ ባለች አንዲት ክፍል የሰፈር ልጆች ያስጠናሉ። ለደብተርና ለምሳ ከየወዳጁ ገንዘብ ያሰባስባሉ። ሥራቸውን አከብራለሁ። ጥያቄያቸው ግን ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

ከኮሜርስ ከወጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ የሰው ሒሳብ መመርመር ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ በበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቦርድ ላይ እቀመጣለሁ። መርማሪም ተመርማሪም ሆኛለሁ ማለት ነው። ስለዚህ የሕፃናት ትምህርት ድርጅት ላቋቋማችሁ፣ ወይም ለማቋቋም ሽር ጉድ ለምትሉ ወጣቶች፣ ስለ ውጭ ኦዲተር (ሒሳባችሁን ከድርጅቱ ውጭ ሆኖ ስለሚመረምረው ባለሙያ) አቀጣጠር የማስበውን ልንገራችሁ።

ሕጉን በአጭሩ ላንሳው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የበጀት ዓመቱ ካለቀ በሦስት ወር ውስጥ ሪፖርት እንድታቀርቡ ይጠይቃል። ዓመታችሁ እንደ መንግሥት ሰኔ 30 የሚዘጋ ከሆነ ቀነ ገደቡ መስከረም መጨረሻ ነው። ኦዲተሩ ከኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ የወጣ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ደግሞ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሒሳባቸውን ኢፕሳስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያቀርቡ ያዛል። ኢፕሳስ በመሠረቱ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሰናዳ ነው። በአንዲት ክፍል ልጆች ለሚያስጠና ድርጅት ትንሽ ይበዛል እላለሁ። ግን ሕግ ነው፤ የቀጠራችሁት ኦዲተር ኢፕሳስን በደንብ ካላወቀው ከመነሻው ሌላ ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኦዲተር ሐምሌ ላይ ሲመጣ ምን ያያል? ወረቀት። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጆቹ የሉም። ምሳ የሚበላ የለም። አስጠኚዎቹ የክረምት ሥራ ይዘው ተበትነዋል። የደብተሩ ካርቶን ተከፋፍሎ አልቋል። እናንተ ፋይል ታወጡለታላችሁ፣ እሱም ፋይሉን አገላብጦ ይሄዳል። ፋይል ደግሞ እንደ ሠሪው ነው።

ያው ሰው ሚያዝያ ወይ ግንቦት ላይ አንድ ቀን ብቅ ቢል ሌላ ነገር ያያል። ሳይነግራችሁ በምሳ ሰዓት ይመጣና ልጆቹን ይቆጥራል። ምግብ የሚያበስሉትን እናት በቀን ስንት እንጀራ እንደሚገባ ይጠይቃል። መልሳቸውን ከወጪ ማዘዣው ጋር ያስተያያል። አንድ ድርጅት ስመረምር የምሳ መዝገቡ ላይ በጥምቀት ዕለት ሳይቀር ሁሉም ልጆች እንደበሉ ተፈርሞ አየሁ። የጥምቀት ቀን! ሌብነት አልነበረም። መዝገቡን የያዘው ልጅ ወር መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ በአንዴ ሞልቶት ነው። ግን ከሩቅ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ሰው ሌብነት አለመሆኑን በምን ያውቃል? ነገሩ በጊዜ ቢታይ ኖሮ በአንድ ተግሳጽ ያልቅ ነበር። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሲታይ ግን ሪፖርት ላይ ይገባል።

ሰኔ 30 ላይም ሥራ አለ። በዚያ ቀን በካዝና ያለው ጥሬ ገንዘብና በመጋዘን ያለው ዕቃ ይቆጠራል፤ ኦዲተሩም ወይም የላከው ሰው ቆሞ ማየት አለበት። ነሐሴ ላይ የተቀጠረ ኦዲተር የሰኔ 30ን ቆጠራ ከየት ያመጣዋል? ሕሊና ያለው ከሆነ «ቆጠራውን አላየሁም» ብሎ በሪፖርቱ በሚሰጠው አስተያየት ላይ ይጽፋል። ከዚያ እናንተ ትቆጣላችሁ። እሱ ላይ መቆጣታችሁ ግን ተገቢ አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለ። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች፣ ማለትም ትልልቆቹ ነጋዴዎች፣ ዓመታዊ ግብራቸውን የሚያሳውቁት እስከ ጥቅምት 30 ነው። ስለዚህ ከሐምሌ ጀምሮ ስታዲየምና ሜክሲኮ አካባቢ ያሉ የኦዲት ቢሮዎች በነጋዴ ፋይል ይጨናነቃሉ። በዚያ ሰዓት የእናንተ ትንሽ ድርጅት የምትደርሰው ትናንት ለተቀጠረ ጀማሪ ነው። በየካቲት ወይ በመጋቢት ከሄዳችሁ ግን ዋናው ሰውዬ ራሱ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጋብዛችኋል።

ማን ይቅጠረው? ቦርዱ። መተዳደሪያ ደንባችሁ ለጠቅላላ ጉባኤ ከሰጠው ደግሞ ጉባኤው። ሥራ አስኪያጁ ዋጋ ሊያሰባስብ፣ ቀጠሮ ሊይዝ ይችላል፤ መምረጥና ውል መፈረም ግን የእሱ መሆን የለበትም። ኦዲተሩ የሚመረምረው የእሱን ሥራ ነዋ። ወጣት ድርጅቶች ላይ ይህ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። መሥራቹ ሥራ አስኪያጅ ነው፣ ጓደኛው ሒሳብ ሠራተኛ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ የቀድሞ አስተማሪው። «እኛ እኮ እንተማመናለን» ይሉኛል። እድርተኞችም ይተማመናሉ። አብረው ይቀብራሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ። ሆኖም እድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ ሲመርጥ ተቆጣጣሪም ይመርጣል፤ ማንም አይቀየምም።

ዝምድናን በተመለከተ አዲስ አበባን ታውቋታላችሁ። መሀል ከተማ ላይ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ቡና ከጠጣ የጋራ ዘመድ ያገኛል። እናም ፈጽሞ የማያውቃችሁን ኦዲተር ፈልጉ አልልም፤ አታገኙትም። ግን ያለውን ትውውቅ በጽሑፍ ያሳውቅ። የሥራ አስኪያጁ ሚዜ፣ የገንዘብ ያዧ አክስት ልጅ፣ የቦርድ አባል የንግድ ሸሪክ ከሆነ ምስጋና አቅርባችሁ ሌላ ጋ ሂዱ። ሰውየው ታማኝ ሊሆን ይችላል። አስተያየቱን የሚያነብ እንግዳ ሰው ግን ያንን አያውቅም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ «ጥቅል» የሚባለው ነገር ነው። «ሒሳባችሁንም እንሠራለን፣ ኦዲትም እናደርጋለን፣ ሪፖርቱንም እናስገባላችኋለን» የሚል ይመጣል። በጣም ያጓጓል፣ በተለይ ሒሳብ ሠራተኛ ለሌለው ድርጅት። እሺ እንዳትሉ። የራሱን ሥራ ራሱ መርምሮ ስህተት አገኘሁ የሚል ሰው አላየሁም። ሒሳቡን የሚሠራላችሁ አንድ፣ የሚመረምረው ሌላ ይሁን። ገንዘብ ካጠረ ለሒሳብ ሥራው ኮሜርስ የጨረሰ በጎ ፈቃደኛ ፈልጉ። ኦዲቱን ግን በዚያ መንገድ አትሸፍኑት።

ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ርካሹን መውሰድ ለወንበር ግዢ ይሠራል። ለኦዲት አይሠራም። ዋጋውንና የሥራ ዕቅዱን በተለያየ ፖስታ እንዲያስገቡ አድርጉና ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት የሥራ ዕቅዱን ክፈቱ። ማን ነው ቢሯችሁ የሚመጣው? ስንት ቀን ይቀመጣል? ፈራሚው ራሱ አንድ ቀን እንኳ ይመጣል? ከዚህ በፊት ሕፃናት ላይ የሚሠራ ድርጅት መርምሮ ያውቃል? ዋጋው ከሌሎቹ በግማሽ ካነሰ ሰውየው ደግ ሆኖ አይደለም፤ የሚቀንሰው ከቀኑ ነው። ደረሰኞቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ፣ ማህተም መትቶ ይልካችኋል። ፈቃዱንም ኮፒውን አይታችሁ አትለፉ፣ ዘንድሮ የሚሠራ መሆኑን ከኦዲት ቦርዱ አጣሩ።

ስለ ልጆቹ ዝርዝር ለብቻው ላንሳ፤ ብዙ ድርጅት የሚሰናከለው እዚያ ነው። ካሳንቺስና ፒያሳ ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማው ዳር ተዛውሯል። ፋይላችሁ ላይ ስሙ ያለ ልጅ ዛሬ ገላን ጉራ ሊሆን ይችላል። ልጁን የሚረዳው ስፖንሰር ግን ገንዘቡን በስሙ ይልካል፣ እናንተም በስሙ ትመዘግባላችሁ። ማንም ምንም አልሰረቀም፤ ሆኖም ሒሳቡ እውነት አይደለም። ኦዲተሩ ከዝርዝሩ ጥቂት ስሞች መርጦ ልጆቹን ትምህርት ቤታቸው ድረስ ሄዶ እንዲያረጋግጥ ውሉ ላይ አስገቡ። እንዲሁም ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የከተማ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ደንብ ልብስና ደብተር ያቀርባል። የእናንተ ልጅ እዚያ የሚማር ከሆነ የደንብ ልብስ ወጪያችሁ ለምን እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። መልስ ይኑራችሁ። «ትርፍ ቅያሪ ነው»፣ «ጫማ ነው» ሊሆን ይችላል፤ ግን በጊዜው ተጽፎ ይገኝ።

ታዲያ ኦዲተሩ ልጆቹን ይይ ስል የልጆቹን ገመና ይዞ ይሂድ ማለቴ አይደለም። ስምና ክፍል ይበቃዋል። የጤና ማስረጃ፣ የቤተሰብ ታሪክም ሆነ ፎቶ ተቀድቶ ከቢሮ አይውጣ። ትምህርት ቤት ሲሄድ ከእናንተ አንድ ሰው አብሮት ይኑር። ልጁ ፊት «የአንተ ስፖንሰር ማን ነው?» የሚል ኦዲተር ካጋጠማችሁ እዚያው አስቁሙት።

ወጪ አከፋፈል ላይም ጠበቅ በሉ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በድሮው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን 30/70 (ለአስተዳደር 30፣ ለዓላማው 70 በመቶ) ይባል ነበር፣ ስንት ጠብ አስነስቷል። የአስጠኚ ክፍያ የፕሮጀክት ነው፤ የሥራ አስኪያጁስ? ግማሽ ቀን የሚያስተምር ከሆነስ? ይህን ኦዲተሩ እንዲወስንላችሁ አትጠብቁ። ቦርዱ በመጀመሪያ መመሪያ ያውጣ፣ ኦዲተሩ መመሪያው መከበሩን ያይ። ለአስጠኚዎች የምትከፍሉትን «የትራንስፖርት አበል» እያላችሁ የምትጽፉም አላችሁ። በየወሩ እኩል የሚከፈል ደመወዝ ስሙ ቢቀየር ደመወዝ ነው። የሥራ ግብሩ፣ ከሠራተኛው 7 ከድርጅቱ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮው፣ ከነቅጣቱ ይመጣል።

ከጉልት ለተገዛ ሽንኩርት ደረሰኝ እንደማይገኝ ማንም ያውቃል፣ ኦዲተሩም ያውቃል። ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ገዢና ሻጭ የሚፈርሙበት፣ አንድ ምስክር ያለበት ቅጽ ይቀበላል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። በሐምሌ ከመከራከር በመጋቢት መስማማት ይሻላል። በግንቦትና በሰኔ ለመጪው ዓመት ብሎ የሚመጣ ገንዘብም አለ። ዝም ብላችሁ የዘንድሮ ገቢ ካደረጋችሁት ትርፋማ ትመስላላችሁ፤ መስከረም ላይ ደግሞ ባዶ ናችሁ። የላከው ሰው በምን ቃል እንደላከው የሚያሳየው ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ፋይል ላይ ይኑር።

ከኦዲት የማይጠበቀውንም እወቁ። ኦዲተር ሁሉንም ደረሰኝ አያይም፤ ናሙና ወስዶ ነው የሚሠራው። «ነቀፌታ የሌለበት» አስተያየት አግኝቶ በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ የጠፋበት ድርጅት አውቃለሁ። ጥበቃው የእናንተ ሥራ ነው። ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ፣ የባንክ ማስታረቂያው (መዝገባችሁን ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሩ) በየወሩ ይሠራ፣ ገንዘብ የያዘ ሰው ሒሳብ አይመዝግብ።

ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ አስተያየቱ ገጽ ነው። ለጋሽ እሱን ይጠይቃል፣ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም እሱን ይቀበላል። እኔ ግን ቦርድ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ የማነበው ማኔጅመንት ሌተሩን፣ ኦዲተሩ ያየውን ድክመት ለድርጅቱ የሚጽፍበትን ደብዳቤ ነው። የድርጅቱ ድካም ያለው እዚያ ነው፦ ፔቲ ካሽ (ለጥቃቅን ወጪ የሚያዝ ጥሬ ገንዘብ) ከልኩ በላይ መያዙ፣ ኮምፒውተር ሳይመዘገብ መግባቱ፣ የስጦታ መጻሕፍት በዋጋ አለመገመታቸው። ረቂቁ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ተልኮ ለስልሶ እንዳይመለስ፣ ለቦርዱም በዚያው ቀን እንዲደርስ ውል ላይ ጻፉ። ቦርዱም ሥራ አስኪያጁ በሌለበት ኦዲተሩን ለግማሽ ሰዓት ያነጋግረው። ብዙ ጊዜ የሚባለው «ምንም የለም» ነው። ግን አንዳንዴ ወረቀት ላይ ያላሰፈረውን በአፉ ይናገራል።

ከአንድ ኦዲተር ጋር ጥቂት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ቀይሩት። ተጣልታችሁ አይደለም፣ ስለለመዳችሁ። አዲሱ ኦዲተር ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ለቀድሞው ጽፎ «እንዳልቀበል የሚያደርገኝ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁ የሙያው ወግ ነው። ፈቃድ ስጡት፣ አትፍሩ። ደብዳቤውን የቦርዱ ሰብሳቢ ይፈርምበት፣ የቀድሞው ኦዲተር መልስም ቅጂው ለቦርዱ ይድረስ። ይህ ሁሉ የጥቂት ሳምንት ጉዳይ ስለሆነ ከየካቲት አታሳልፉት።